ከመምከር ወደ መማከር፦ መጠጡን መላልሶ ለሚያስብ ሰው ያለው ሕክምና

ማታ ከሥራ ሲወጣ ግሮሰሪ ጎራ የሚል አንድ ሰው እናስብ። መንገድ ዳር ወድቆ አያውቅም። ደመወዙን ለቤቱ ያደርሳል፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ በወቅቱ ይከፍላል፣ ከለቅሶም ከሠርግም አይቀርም። ግን ሁለት ቢራ የነበረው አራት ሆኗል፤ ዓርብ ማታ ከአራት በኋላ መቁጠር ቀርቷል፤ ሰኞ ጠዋት ከነዞረ ድምሩ ቢሮ መግባት ለምዷል። ባለቤቱ «ኧረ በዛ!» ስትለው ይቆጣል፤ ብቻውን ሲሆን ግን እሱም እንደ እሷ ያስባል። «ሰካራም ነህ?» ተብሎ ቢጠየቅ «አይደለሁም» ይላል። አልዋሸም።

በእኛ አነጋገር ለጠጪ የተዘረጋው ወንበር ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ የሰካራም፣ ሌላው «ሲጠጣም ጨዋ ነው» የሚባልለት። በመካከላቸው ያለው ሰፊ ሜዳ ስም የለውም። ሐኪሞችም ቢሆኑ ለረጅም ጊዜ ከዚህ ብዙም አልተሻሉም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር «አላግባብ መጠቀም» እና «ጥገኝነት» እያለ በሁለት ሣጥን ይከፍለው የነበረውን ችግር፣ ከቀላል እስከ ከባድ በሚዘልቅ አንድ መስመር ላይ ያስቀመጠው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። አሁን 11 ምልክቶች ይቆጠራሉ፦ ካሰቡት በላይ መጠጣት፣ ለመቀነስ ሞክሮ አለመቻል፣ በመጠጥ የተነሣ ሥራን ወይም ቤትን መበደል፣ የመሳሰሉት። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት የታዩበት ሰው በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ይሰለፋል። የግሮሰሪው ሰው ያለው እዚያ አካባቢ ነው።

የት እንዳለ የሚለካበት መሣሪያም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው «ኦዲት» የሚባለው መጠይቅ 10 ጥያቄዎች አሉት፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 40 ሲሆን፣ 8 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው አጠጣጡን ቆም ብሎ ማየት አለበት። ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው፤ አስቸጋሪው «ሲጠጡ ስንት ይጠጣሉ?» የሚለው ነው። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል አለው። ጠጁስ? የአንዱ ቤት ብርሌ ከሌላው ቤት ብርሌ ጋር በጥንካሬ አይገናኝም፤ ጠላው እንደ ጠማቂዋ ነው፤ አረቄም ተራውና ዳግሙ ለየቅል ናቸው። ስለዚህ ለብዙ ሰው የመጀመሪያው የቴራፒ የቤት ሥራ ደብተር ነው። ምን ጠጣሁ፣ ምን ያህል፣ የት፣ ከማን ጋር፣ ከመጠጣቴ በፊት ምን ተሰምቶኝ ነበር? ከሁለት ሳምንት በኋላ ሂሳቡን ሁሌ የከፈለው ሰውዬ ድምሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየዋል።

«ምከረው፣ ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል ተረቱ። ለመጠጥ ችግር የተሰጠው መልስ፣ በእኛም ዘንድ በሌላውም ዓለም፣ ለብዙ ዘመን ከዚህ ተረት የወጣ አልነበረም። መጀመሪያ ተግሣጽ፤ ቀጥሎ እጅን አጣጥፎ ውድቀቱን መጠበቅ። ባለፉት 50 ዓመታት የተሠሩትን ጥናቶች ላገላበጠ ሰው ጎልቶ የሚታየው፣ የተረቱ ሁለት ክፍሎች ሁለቱም ተፈትነው ሁለቱም መውደቃቸው ነው። የሚሻለውን መንገድ ደግሞ አማርኛ በአንዲት ፊደል ለይቶ አስቀምጦታል፦ መምከር እና መማከር። የፊተኛው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ለኋለኛው ሁለት ሰው ያስፈልጋል።

ታሪኩ ከሐኪም ቤት ሳይሆን ከሆቴል ስልክ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በሜይ 1935 ቢል ዊልሰን የተባለ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሰው ለንግድ ጉዳይ ወደ ኦሃዮ፣ አክረን ከተማ ሄዶ ጉዳዩ ከሸፈበት። መጠጥ ካቆመ አምስት ወር ሆኖታል። የሆቴሉ ቡና ቤት ሞቅ ብሏል። ዊልሰን ወደዚያ ከመግባት ይልቅ ስልክ አንሥቶ ለከተማው ቀሳውስት እየደወለ፣ ሊያነጋግረው የሚችል ሌላ ጠጪ ያውቁ እንደሆነ ጠየቀ። በመጨረሻ የተገናኘው ቦብ ስሚዝ ከተባለ ቀዶ ሐኪም ጋር ነው። ስሚዝ ለሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ሊቆይ መጥቶ ለሰዓታት ተቀመጠ። ከዚያ በፊት ዊልሰን በኒው ዮርክ ለወራት ጠጪዎችን እየሰበከ አንዱንም ማስተው አልቻለም ነበር፤ ሐኪሙ ሲልክዎርዝም ስብከቱን እንዲተው ነግሮታል። አክረን ላይ ያደረገው የራሱን ታሪክ መናገር ነው። ስሚዝ የመጨረሻዋን መጠጥ የጠጣባት ጁን 10 ቀን 1935 የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ የልደት ቀን ተብላ ትከበራለች።

የዚህ ማኅበር ስብሰባ ክፍያ የለውም፤ ባለሙያም አይመራውም። ሳይንስ ለብዙ ዓመታት በጥርጣሬ ሲያየው ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ኮክሬን የተሰኘው የምርምር መረብ 27 ጥናቶችን፣ በውስጣቸውም 10,565 ሰዎችን ያካተተ ግምገማ አወጣ። ውጤቱ ተጠራጣሪዎቹን ያስገረመ ነበር፦ ሰዎችን ወደ ማኅበሩ በሥርዓት የሚያስገባው ሕክምና፣ ከመጠጥ ፈጽሞ በመራቅ ረገድ፣ ከሌሎቹ የታወቁ ሕክምናዎች እኩል አለዚያም የበለጠ ሆኖ ተገኘ። ይሁንና ከማኅበሩ 12 ደረጃዎች የመጀመሪያው «በመጠጥ ፊት አቅም የለኝም» ብሎ ማመን ነው። የግሮሰሪው ሰው ይህን አይልም፤ ቢልም አያምንበትም። በዚያ በር የሚገባው ሌላ ሰው ነው።

በኋላ በብዙ የአሜሪካ የሕክምና ማዕከላት የነገሠው መንፈስ ደግሞ ከአክረኑ ጭውውት በጣም የራቀ ነበር። ጠጪ ሁሉ ሐሰተኛ ነው፣ ክህደቱን በኃይል መስበር ያስፈልጋል፣ «ሰካራም ነኝ» እስኪል አይለቀቅም የሚል። በሽታው ይህ ከሆነ መድኃኒቱ ጩኸት መሆኑ ነው።

ይህን ያናጋው ሰው የኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና መምህር ዊልያም ሚለር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት፣ መጠጣቸውን መቀነስ የሚፈልጉ ሰዎች ከፊሎቹ ከቴራፒስት ጋር ተገናኙ፤ ከፊሎቹ ራስን መርጃ መጽሐፍ ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በአማካይ ሲታይ ልዩነት አልነበረም። ቴራፒስቶቹ አንድ በአንድ ሲታዩ ግን ጉዱ ወጣ። በጥሞና የሚያዳምጡት ሰዎቻቸው በጣም ተሻሽለዋል፤ ማዳመጥ የማይሆንላቸው ቴራፒስቶች ዘንድ የሄዱት ግን መጽሐፍ ይዘው ከሄዱት የባሰ ውጤት አመጡ። በሌላ አነጋገር፣ አንዳንዱን ጠጪ ወደ አማካሪ ከመላክ መጽሐፍ መስጠት ይሻለው ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሚለር ኖርዌይ፣ በርገን አጠገብ ባለ ክሊኒክ ለጥቂት ወራት ተቀመጠ። ወጣት ኖርዌያውያን ሥነ ልቦናውያን እንደ ታካሚ እየሆኑ እንዲያክማቸው ይጠይቁታል፤ መሐል ላይ እያስቆሙም «ይህን ለምን አልክ? ያኛውን ለምን አላነሣህም?» ይሉታል። ሚለር ሳያውቀው የሚከተለውን ሥርዓት በቃላት ለማስቀመጥ የተገደደው በእነሱ ጥያቄ ነው። ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1983 ወጣ፤ ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር ያዘጋጁት መጽሐፍ በ1991 ተከተለ። ስያሜው «ሞቲቬሽናል ኢንተርቪዊንግ» ነው፤ «መሻትን የሚቀሰቅስ ጭውውት» ብንለው ከሐሳቡ አንርቅም።

የአሠራሩ ምስጢር ይህ ነው። መጠጡን መላልሶ የሚያስብ ሰው ልቡ ሁለት ነው፤ መተውም ይፈልጋል፣ መጠጣትም ይፈልጋል። አማካሪው የመተውን ወገን ይዞ ከተከራከረ፣ ለታካሚው የሚተርፈው የመጠጣት ወገን ነው። ሰው ደግሞ ሲከራከር የሚያሳምነው ራሱን ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ሐኪም «ጉበትዎ ተጎድቷል፤ መጠጡን ያቁሙ» ቢል፣ መልሱ «አባቴ ዕድሜ ልኩን ጠጅ እየጠጣ 80 ዓመት ኖሯል» ይሆናል፤ ሰውዬው ከክፍሉ ሲወጣ አባቱን ይዞ ይወጣል። ጭውውቱ በሌላ መንገድ ሲሄድስ?

«ግሮሰሪ ሲገቡ ምን ያገኛሉ?»

«ጨዋታ አለ። የቀኑ ጭንቀትም ይቀለኛል።»

«ደስ የማይልዎትስ ነገር አለ?»

«ትንሿ ልጄ... ስገባ እንደ ተኛች ታስመስላለች።»

«ልጅዎ እንድትሸሽዎ አይፈልጉም።»

«እንዴት ብዬ! እኔ እኮ አባቴን እንደዚያ ነበር የምሸሸው።»

እዚህ ላይ አማካሪው አንድም ምክር አልሰጠም። ለውጥን የሚደግፈው ቃል የወጣው ከታካሚው አፍ ነው፤ አባትየውም ተመልሶ መጣ፣ ግን በሌላው ወገን ቆሞ። ሚለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 በ42 ጠጪዎች ላይ ባወጡት ጥናት፣ ቴራፒስቱ በአንዲት ቀጠሮ ውስጥ ይበልጥ በተጋፈጠ ቁጥር ታካሚው ከዓመት በኋላ ይበልጥ ሲጠጣ ተገኝቷል። «ምከረው፣ ምከረው» እዚህ ላይ ወደቀች።

መሻት ብቻውን ግን ዓርብ ማታን አያሻግርም። ከዚህ በኋላ ያለውን መንገድ በደንብ የጠረገው የሥነ ልቦና ተመራማሪው አለን ማርላት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ከተባባሪዎቹ ጋር በሠራው ብልሃት የተሞላበት ሙከራ፣ ከባድ ጠጪዎች ቮድካ የተቀላቀለበት ነው እየተባሉ ባዶ ቶኒክ ተሰጣቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ ባዶ ቶኒክ ነው እየተባሉ ቮድካ ቀረበላቸው። ብዙ የጠጡት ቮድካ የቀመሱት ሳይሆኑ ቮድካ እየጠጡ የመሰላቸው ናቸው። «አንዴ ከቀመሰ አይቆምም» የሚባለው ነገር ግማሹ ከመጠጡ ሳይሆን ከእምነቱ የሚመጣ ነው ማለት ነው። ማርላት ከዚህ ተነሥቶ ስለ መንሸራተት አስተማረ። የመጠጥ ፍላጎት እንደ ማዕበል ይመጣል፣ ከፍ ይላል፣ ይወርዳል፤ እስኪያልፍ እላዩ ላይ መንሳፈፍ ይቻላል። አንድ ቀን የተንሸራተተ ሰውም ወደ መጀመሪያው አልተመለሰም፤ የሚመልሰው «አለቀልኝ» የሚለው ሐሳቡ ነው።

ይህ ትምህርት ለአገራችን ሰው ልዩ ትርጉም አለው። በንስሐ አባቱ ፊት ቃል ገብቶ ወይም ተስሎ መጠጥ የተወ ብዙ ነው፤ ቃሉን ጠብቆ የዘለቀም አለ። ግን አንድ ቀን በሠርግ ቤት አንድ ብርሌ የቀመሰው «ስእለቱ ፈርሷል» ብሎ በዚያው ሳምንት የቀረውን ዓመት ሁሉ ሊጠጣ ይሞክራል። ጥፋቱ የስእለቱ አይደለም። ለማግስቱ የተዘጋጀ ነገር አለመኖሩ ነው። ጾሙንም ብናይ እንዲሁ ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2013 «ድራይ ጃንዋሪ» ተብሎ በተጀመረው የአንድ ወር ከመጠጥ የመራቅ ዘመቻ ተሳትፈው በተጠኑ ሰዎች፣ ከስድስት ወር በኋላም የሚጠጡባቸው ቀናትና የሚሰክሩበት ጊዜ ቀንሶ ታይቷል። እኛ ዘንድ ሁዳዴን 55 ቀን ሙሉ መጠጥ ሳይቀምስ የሚያሳልፍ ሰው ሞልቷል፤ የትንሣኤ ለት ግን ውዝፉን ይከፍላል። ጥሩ አማካሪ ለዚህ ሰው የሚያነሣው ትንሣኤን ሳይሆን ሁዳዴን ነው፦ እንቅልፍዎ እንዴት ነበር? ገንዘቡስ? ከግሮሰሪ ይልቅ ማታውን የት አሳለፉት? 55 ቀን የቻለን ሰው «አትችልም» ማለት አስቸጋሪ ነው።

ታዲያ ፈጽሞ ይተው ወይስ ይቀንስ? ይህ ጥያቄ ሰዎችን እስከ ምርመራ ኮሚቴ ያደረሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ዲ. ኤል. ዴቪስ የተባለ የለንደን ሐኪም፣ ሱሰኛ ከነበሩ 93 ታካሚዎቹ 7ቱ ወደ መጠነኛ አጠጣጥ መመለሳቸውን ሲጽፍ ጉድ ተባለ። ከሁለት አሥርት ዓመታት በኋላ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ግሪፊዝ ኤድዋርድስ እነዚያኑ ሰባት ሰዎች ቢከታተል፣ አምስቱ ብዙ ችግር እንደ ገጠማቸው፣ ሁለቱ ብቻ በሰላም እንደ ጠጡ አገኘ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ማርክና ሊንዳ ሶቤል ደግሞ በካሊፎርኒያ በአንድ ሆስፒታል ለ20 ጠጪዎች መቆጣጠርን አስተምረው ጥሩ ውጤት ቢያስመዘግቡም፣ እ.ኤ.አ. በ1982 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ ከ20ዎቹ አራቱ መሞታቸውን ገልጦ በብርቱ ተቻቸው። ጉዳዩን ለመመርመር በካናዳ የተቋቋመ ኮሚቴ ግን ማጭበርበር እንዳልነበረ አረጋገጠ፤ ፈጽመው እንዲተው ከተነገራቸው የማነጻጸሪያ ቡድን ታካሚዎች መካከልም የሞቱት ስድስት ነበሩ።

የዛሬው ፍርድ እንደ ሰውየው ነው። ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ጉበቱ የታመመ፣ ያረገዘች፣ ደጋግሞ ሞክሮ ያልቻለ ይተው። በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ያለ ሰው ግን በመቀነስ ቢጀምር የሚያሳፍር ነገር የለውም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2001 እና 2002 በተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት፣ ቀድሞ የመጠጥ ጥገኛ ከነበሩት መካከል 18.2 በመቶው ፈጽመው የተዉ፣ 17.7 በመቶው ደግሞ ጉዳት በማያመጣ መጠን የሚጠጡ ሆነው ተገኝተዋል። ከሁሉም ውስጥ ሕክምና ያገኙት ሩብ ያህሉ ብቻ ናቸው።

ከሕክምናዎቹ የትኛው ይበልጣል ለሚለው ጥያቄ ብዙ ገንዘብ ፈስሷል። «ፕሮጀክት ማች» የተባለው የአሜሪካ ጥናት 1,726 ሰዎችን ለሦስት ቴራፒዎች አከፋፈለ፤ አንዱ ወደ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚመራ፣ ሌላው አስተሳሰብንና ልማድን የሚያሠለጥን፣ ሦስተኛው በሚለር መንገድ መሻትን የሚቀሰቅስ። እ.ኤ.አ. በ1997 ውጤቱ ሲወጣ ሦስቱም ተቀራራቢ ሆኑ። ከሦስቱ የመጨረሻው አራት ቀጠሮ ብቻ ሲፈልግ ሌሎቹ 12 ይወስዱ ነበር፤ ይህችን ቁጥር የጤና በጀት የሚያወጣ ሰው ሁሉ ሊያስታውሳት ይገባል።

መድኃኒቱን በአጭሩ እንለፈው። ዲሰልፊራም የተገኘው ሁለት ዴንማርካውያን ተመራማሪዎች በ1940ዎቹ የሆድ ትል ማጥፊያ ሲፈልጉ ነው፤ በራሳቸው ላይ ሞክረውት ትንሽ ሲጠጡ ታመሙ። (የኮሶ አገር ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም።) የሚሠራው በማስፈራራት ነው። ናልትሬክሶን ግን የመጠጡን ደስታ ያደበዝዛል፤ 11 ሰዎች ቢወስዱት አንዱ ወደ ከባድ አጠጣጥ ከመመለስ ይድናል። አካምፕሮሴት የተወውን ሰው ደግፎ ያቆያል። ከሁሉ በፊት ግን መታወቅ ያለበት፦ በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ፣ ሳይጠጣ ሲውል የሚያልበውና የሚንቀጠቀጥ ሰው በአንድ ጊዜ ብቻውን ቆርጦ ማቆም የለበትም። ከመጨረሻዋ መጠጥ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት የሚጥል ሕመምና ቅዠት ሊመጣ፣ ሊገድልም ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ማቆም ያለበት በሐኪም እጅ ነው።

ቤተሰቡስ? እኛ ዘንድ ሽማግሌ ይላካል፤ አሜሪካኖች ዘንድ ደግሞ ቨርነን ጆንሰን የተባለ ቄስ ያስፋፋው፣ ዘመድ ተሰብስቦ ጠጪውን በድንገት የሚያፋጥጥበት መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ጥናት ሕክምና እምቢ ያሉ ጠጪዎች ያሏቸውን 130 የቤተሰብ አባላት ለሦስት ከፈለ። በጆንሰን መንገድ የሠለጠኑት 30 በመቶዎቹ፣ ለጠጪ ቤተሰቦች በተዘጋጀው ማኅበር መንገድ የሄዱት 13 በመቶዎቹ፣ «ክራፍት» በተባለው ዘዴ የሠለጠኑት ግን 64 በመቶዎቹ ጠጪያቸውን ሕክምና አስጀመሩ። ክራፍት ሚስትየዋን የሚያስተምረው ቀላል ነገር ነው፦ ሳይጠጣ በገባበት ማታ አብረሽው ተቀመጪ፣ ቡናውንም ያን ጊዜ አፍዪለት፤ ጠጥቶ ሲመጣ አትጨቃጨቂ፣ ግን ስካሩ ያመጣበትን ጣጣም አትሸፍኚለት፤ ለአለቃው «ታሟል» ብለሽ አትደውዪ፤ እሱ ራሱ የተጸጸተበትን ሰዓት ጠብቀሽ የሕክምናውን ነገር አንሺ። የሚመታት ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት ደኅንነቷ ይቀድማል። መከራ እስኪመክረው መጠበቅ እንደማያስፈልግ የታየው እዚህ ነው። ሽማግሌዎቻችንም ይህን ቢይዙት፣ ማግባባት ከማፋጠጥ የበለጠ ልማዳቸው ስለሆነ፣ ከጆንሰን ተከታዮች ይልቅ የተሻሉ ሠራተኞች ይወጣቸዋል።

ይህ ሁሉ ሀብታም አገር ያለ ነገር ነው የሚል ካለ ወደ ሕንድ፣ ጎዋ ይመልከት። እዚያ የሕክምና ትምህርት የሌላቸው ተራ ሰዎች ሠልጥነው፣ በጤና ጣቢያ ለተገኙ አብዝተው ለሚጠጡ ወንዶች እስከ አራት የሚደርስ የምክክር ቀጠሮ ሰጡ። በ377 ሰዎች ላይ የተደረገው ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 «ላንሴት» ላይ ሲወጣ፣ ከሦስት ወር በኋላ ምክክሩን ካገኙት 36 በመቶው፣ ካላገኙት 26 በመቶው ከአደገኛ አጠጣጥ ወጥተው ነበር። ተአምር አይደለም፤ ግን ልዩነቱን ያመጡት አራት ጭውውቶችና አንድ የሠለጠነ ጎረቤት ናቸው።

ወደ ጉራጌ፣ ሶዶ ወረዳ ስንመጣ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በ«ኦዲት» መጠይቅ ሲለካ 13.9 በመቶው ሕዝብ፣ ከወንዶች ደግሞ 25.8 በመቶው፣ የመጠጥ ችግር እንዳለበት አሳይቷል። ችግሩ ከባድ ከሆነባቸው መካከል 87 በመቶው ምንም ሕክምና አልፈለጉም ወይም አላገኙም። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥታለች፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም ከልክላለች። ይህ ገና ያልጀመረውን ይጠብቃል፤ ግሮሰሪው ውስጥ ተቀምጦ የሚያስበውን ሰው ግን አይደርሰውም።

ያ ሰው ለመጠጡ ብሎ ሐኪም ዘንድ አይሄድም። ለጨጓራው፣ ለደም ግፊቱ፣ ለእንቅልፉ ግን ይሄዳል። የጤና ጣቢያ ባለሙያ ሆይ፣ ደም ግፊቱን ስትለካ «በሳምንት ስንት ቀን ይጠጣሉ? ሲጠጡስ ስንት?» ብለህ ጠይቀው፤ ሲመልስልህም አትገሥጸው፣ ሌላ ጥያቄ ጠይቀው።